የሃያ ሁለት ቁጥር በር

የመጀመሪያው ምት ጣሪያውን አወረደ። ሁለተኛው ግድግዳውን ወደ ውጭ ጎተተ፤ በአሮጌው ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል እንደ ተሳበ መሳቢያ ለመንገዱ ተከፈተ።

አቧራው እስኪወርድ ማንም ምንም አላየም። ማዶ ታክሲ የሚጠብቁት አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው ይሳሳቁ ነበር። አንዱ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይቀርጻል። አቧራው ሲሳሳ መጀመሪያ የታየው አረንጓዴ ግድግዳ ነበር፤ ቀጥሎ ቁም ሣጥን፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ፣ የብረት አልጋ። የጣሪያው ወራጅ አልጋው ላይ ተጋድሟል። በወራጁና በትራሱ መካከል ነጭ ፀጉር ይታያል።

የሚስቁት ወዲያው አላቆሙም። ዓይን ያየውን አፍ እስኪሰማ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ አንዲት ሴት «እትዬ ሪሴፕሽን!» ብላ ጮኸች፤ መንገዱ ጭጭ አለ። የሚቀርጸው ሰው ስልኩን ማውረድ ረስቶ እጁን እንደሰቀለ ቀረ።

የእስካቫተሩ ኦፕሬተር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ጥቂት ተራምዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሄልሜቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና በውስጡ አስመለሰው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሰዉ ከቦታል። «ገዳይ!» የሚል አለ። ድንጋይ ያነሳም አለ፤ ድንጋይ ደግሞ በዚያ ቦታ ሞልቷል።

«ያንን ጣለው» አለችው ድንጋይ የያዘውን ሰውዬ፣ ዞር ብላ ሳታየው። «አንተንም ጭኜ እንዳልሄድ።»

ጣለው። ኦፕሬተሩን በክንዱ ይዛ መኪና ውስጥ አስገባችው። ገና ወጣት ነው፤ ጺሙ ሙሉ ለሙሉ አልበቀለም።

«ንገረኝ።»

«ፎርማኑ ፊሽካ ካልነፋ አልነካም። ነፋ፣ ነካሁ።»

«ሰው አላየህም?»

«መስኮቱ የእንጨት ነው፤ ዝግ ነበር።» በመኪናው መስኮት ወደ ሕንፃው ቀና ብሎ አየ። «ስመታቸው በሕይወት ነበሩ?»

«አላውቅም።»

«ሞተው ከነበረ ነገም እሠራለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ እናቴም ሚስቴም በዚሁ ማሽን ነው የሚኖሩት። በሕይወት ከነበሩ ግን ሁለተኛ ማንሻውን አልነካም። ቁርጡን ይንገሩኝ። ሲያውቁ ይነግሩኛል?»

ኢንስፔክተሯ ቃል መግባት አትወድም፤ በተለይ ቸኩላ ሳለ። ግን እሺ ካላለችው መኪናው በር ላይ ተጣብቆ ሊውል ነው።

«እነግርሃለሁ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ባርኔጣቸው ወድቋል። የሟች ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከአሥር ሰው አፍ ነው የሰማችው፣ ሁሉም እኩል ሊያስተዋውቃት ስለተሽቀዳደመ።

«ልያት! እትዬን ልያት!»

«መውጣት አይቻልም አባባ። ወለሉ ተሰንጥቋል። እሳቸው ያሉበት ድረስ የሚገባው ድጋፍ ከተሠራ በኋላ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት ነው የተለየኋት። ዕቃዬን ይዤ ልጄ ቤት ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ። ነይ አልኳት፣ እምቢ አለች።» ዓይናቸው መኪናው ውስጥ ካለው ልጅ ላይ አረፈ። «እሱ ነው? እሱ ነው የመታት? ገዳይ!» ወደ መስኮቱ ሊሄዱ ሲሉ አብሯት የመጣው ሳጅን ያዛቸው። መሬት ላይ ተዘረፈጡና በመዳፋቸው አስፋልቱን እየመቱ አለቀሱ። «ቤቱ ሆቴል ሳለ አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ ልጅ ነበረች! ሆስፒታል ሲሆን ፋሻ አጠበች። እኔንም ቃሬዛ ተሸካሚ አድርጋ አስቀጠረችኝ። ቁስለኛ ሲበዛ፣ ቃሬዛ ሲያልቅ፣ በር ነበር የምናወልቀው! እግርን ከሥር ሰዶ ብድግ ነው፣ ያለ ብሎን ያለ መዶሻ! እሷ በእግር በኩል፣ እኔ በራስ በኩል። ስንቱን አወረድን! ዛሬ እሷን ማን ያውርዳት?»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። የሽማግሌ ታሪክ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ እንደሌለው አባቷ አስተምረዋታል። ለሳጅኑ ውኃ ስጣቸው ብላ ወደ ደረጃው ሄደች።

ሕንፃው ሆቴል ተብሎ ይጠራ እንጂ ሆቴልነቱ የቀረው ድሮ ነው። አንድ ሀብታም ነጋዴ ሠራው፤ ሰዎች ጨፈሩበት፣ ተጋቡበት፣ ተጣሉበት። ጦርነት ሲመጣ ሆስፒታል ሆነ፤ የዳንስ አዳራሹ ላይ ቁስለኛ ተደረደረ። ሰላም ሲወርድ መንግሥት ቢሮ አደረገው። ቢሮው የተሻለ ሕንፃ ሲያገኝ ቤት የሌላቸው ገቡበት፤ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ፣ በየኮሪደሩ አንድ ጠብ። በቅርቡ ደግሞ ባለሙያዎች መጥተው የፊቱ ክንፍ ታሪካዊ ነው፣ የኋላው አይደለም ብለው ፈረዱ። ታሪክ በፊት በር ብቻ እንደሚገባ ኢንስፔክተሯ አታውቅም ነበር። ለማንኛውም የፊቱ ይታደሳል፣ የኋላው ይፈርሳል።

ፎርማኑ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወፍራም ሰው ነው፤ ፊሽካው አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሯ እስከ ሃያ ሁለት ቁጥር መቃን ድረስ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወለሉ ያዘነብላል። ሴትዮዋ ከስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ናት፤ ፊቷን ወራጁ ሸፍኖታል።

ኢንስፔክተሯን ያስደነገጣት ወራጁ አልነበረም፣ አልጋው ነው። ወደ በሩ ያለው ጎን ምንም አልነካውም። ብርድ ልብሱ ተወጥሮ ከፍራሹ ሥር ገብቷል፤ ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ታጥፏል። በዚያኛውም ጎን፣ ከፍርስራሹ በሚታየው በኩል፣ እንዲሁ።

ተኝቶ ራሱን በሁለት ጎን የሚያሽግ ሰው የለም። ሌላ ሰው ነው ያስተኛት።

«የዚህን ክፍል በር ማን ነቀለው?» አለች።

«እኛ አይደለንም፣ እመቤቴ።»

«በዚህ ግቢ ከእናንተ ሌላ በር የሚነቅል አለ?»

«የለም። ግን እኛ አይደለንም።» ፎርማኑ ላቡን ጠረገ። «አሠራራችን እንዲህ ነው። የተረከብነውን ክፍል በሩን እናነሳለን። በር ያለው ክፍል አይነካም፤ በር የሌለው ባዶ ነው። ከዚህ ክንፍ በር የቀረው ሃያ ሁለት ብቻ ነበር። በየጠዋቱ መጥቼ አንኳኳለሁ፤ እትዬ ሪሴፕሽን ከነዘር ማንዘሬ ይሰድቡኛል፤ እመለሳለሁ። ዛሬ ከደረጃው ብቅ ስል በር የለም። ተመስገን፣ ወጡልን ብዬ ነፋሁ።»

«ገብተህ አላየህም?»

«በር የለም እኮ!»

«ዓይን ግን ነበረህ።»

ኢንስፔክተሯ መቃኑን ትመረምር ጀመር። የሌሎቹ ክፍሎች መቃኖች ላይ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። እዚህ ግን ሦስት የማጠፊያ ግማሾች እንዳሉ አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የጣት ያህል ዘንግ ወደ ላይ ቆሟል። በጥፍሯ ፋቀችው። ከቀለሙ ሥር ቢጫ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፎርማኑ ጎንበስ አለ። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል እንኳ ዓይኑ በራ። «ነሐስ! ትተውታል? ማጠፊያው እኮ የሠራተኞቹ ድርሻ ነው፤ ካቻቢቴ ይዘው የሚሻሙት እሱን ነው። የኔ ልጆች ነሐስ ከሚተዉ ጥርሳቸውን ትተው ይሄዳሉ!»

አመነችው። ሆኖም ጣቢያ ላከችው፤ ሳያይ ፊሽካ የነፋ ሰው ትንሽ ቢቀመጥ አይጎዳውም።

ባለኪዮስኳ በፊተኛው ክንፍ ምድር ቤት ናት። መጀመሪያ የጮኸችው እሷ ነበረች። ሳጅኑ ከጎረቤት የለቃቀመው ወሬ ሁሉ ወደ እሷ ያመለክታል፤ ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ቆማ «ይቺ ሴትዮ ካልሞተች እኛ አንኖርም» ብላለች፤ ሃያ ሰው ሰምቷል።

«ብለሻል?»

«ብያለሁ። ሰኞም ብያለሁ፣ ረቡዕም ብያለሁ።» ባለኪዮስኳ ሳሙናዎቹን ታስተካክላለች፤ የተስተካከሉ ናቸው። «የክንፉ ሰው በሙሉ ካልለቀቀ የአንዳችንም የአዲስ ቤት ቁልፍ አይሰጥም ተባለ። ሁላችንም ወጣን። እሷ ቀረች። ልጆቼ እህቴ ወለል ላይ እንደ ሰርዲን ተደርድረው ነው የሚያድሩት። ምን ልበል? ዕድሜ ይስጥሽ ልበል?»

«ለምን አልወጡም?»

«እኔ ከሄድኩ ገቢና ወጪውን ማን ያያል ትላለች። ደረጃው ሥር ወንበር አውጥታ ወዴት ነህ፣ ማንን ነው የምትፈልጊው ስትል ነው የምትውለው። ለዚህ አይደል እትዬ ሪሴፕሽን ያልናት። ሚኒስትር ቢመጣ ታስቆማለች።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው መሃል ላይ ተሰበረ። «ሃያ ዓመት ተሰዳደብን። አሁን ማንን ልስደብ፣ የኔ እህት?»

«ገደልሻቸው ወይ ነው ጥያቄዬ።»

«ውይ! ይቺ ደግሞ አታፍርም። አልገደልኩም። ግን ሁላችንም በወንድሟ ላይ ነበርን። እህትህን አንድ በላት፣ አንተ ወንድ አይደለህም ወይ፣ በአንተ የተነሳ ሜዳ ቀረን ስንለው ከረምን። ሽማግሌው ቀና ብሎ መሄድ ተወ።»

«ትናንት ማታ ያየሽው ነገር አለ?»

«አላየሁም፤ ሰማሁ። ሊመሽ ሲል ኪዮስኩን ስዘጋ በኋላው ደረጃ ከባድ ነገር ሲወርድ፣ ዷ ብሎ ሲያርፍ። ቁም ሣጥኗን እያወረዱ ነው፣ በቃ ወጣች አልኩ። ደስ አለኝ። ደስ ከማለቱ የተነሳ…» ሳሙናውን አስቀመጠችው። «ልሰናበታት እንኳ አልወጣሁም።»

ኢንስፔክተሯ ከኪዮስኩ ወጥታ በመንገዱ በኩል ዞረችና ቀና አለች። ቁም ሣጥኑ ለዓለም ተገልጦ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሟል።

ታዲያ የወረደው ምንድን ነው?

በሩን ያገኘው ሳጅኑ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ሲወረድ የደረጃው መዞሪያ ላይ፣ ሠራተኞቹ ከደረደሯቸው አሮጌ መዝጊያዎች ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቁጥሩ ሃያ ሁለት ነው። አንድ ብሎን እንኳ አልተነካም፤ የማጠፊያዎቹ ሌሎች ግማሾች ተጣብቀውበታል። መሃሉ ላይ አንሶላ ዞሮ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው በጥድፊያ በመቀስ ተቆርጧል።

«ዕቃ አስረውበት ነው» አለ ሳጅኑ።

«የምን ዕቃ? ክፍሉ ውስጥ ያልጎደለ?»

መልሱን ሳትጠብቅ በመተላለፊያው ወደ ፊተኛው ክንፍ ሮጠች፤ እዚያ ያሉት በሮች አልተነኩም። አንዱን ይዛ ወደ ላይ ሳበች። ንቅንቅ አላለም።

«ካቻቢቴ ላምጣ?»

«ዝም በል። እግርን ከሥር ሰዶ…» በሩን በግማሽ ከፈተች፤ ጫማዋን ከሥሩ አስገብታ ብድግ አደረገችው። በሩ እንደ ድስት ክዳን ከዘንጎቹ ተነሳና ሳጅኑ ላይ ተንጋለለ። ሳጅኑ በደረቱ ተቀበለው።

«ማን አስተማረዎት?» አለ ከሥሩ።

«ሽማግሌው። ጠዋት አስፋልት ላይ ሆነው ሲነግሩኝ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።» ፊቷ ቀልቷል። «ቃሬዛ ነው። በሩን ያወለቁት ሰው ሊሸከሙበት ነው።»

አመሻሹ ላይ አስከሬኑ ወረደ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ወራጁ ብቻውን ይገድላል» አለ። «ሲወድቅ በሕይወት ነበረች ወይ ካልሽኝ፣ ሳልከፍታት አልናገርም። ደርቃለች፤ ግን ትናንት ማታም ይሁን ዛሬ ጠዋት እስካሁን መድረቋ አይቀርም ነበር። ብርድ ልብሱ ደግሞ ሙቀቷን አምታቶብኛል።»

«ገምት።»

«መገመት የእናንተ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ልስጥሽ፤ አልጋው ሥር የተገኘው ኩባያ ወተት ነበረበት፣ ወተቱ ውስጥ የእንቅልፍ ክኒን። ጥርጣሬ የለኝም፤ ያልሟሟው ደቃቅ ከሥር ተቀምጧል። ሌላውን በጠዋት እደውልልሻለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሽማግሌው ልጅ ቤት ሄደች። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ የተከመረ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የእግር ማሽን። አባትየው ቤት የሉም፤ ለቀብሩ ቦታ ሊጠይቁ ወጥተዋል።

«ከትናንት ወዲያ ማታ አባትሽ የት ነበሩ?»

«እዚህ። ከሰዓት መጡ፣ እዚሁ አደሩ።» መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተሰፋ ይመስላል።

«አንቺስ?»

«እዚሁ።»

ልጅቷ መስፋቷን አላቆመችም። ኢንስፔክተሯ ግን እጇን አይደለም የምታየው። ሁለት እግር የሚፈልገውን መርገጫ ልጅቷ በግራዋ ብቻ ትረግጣለች፤ ቀኝ እግሯ በሻሽ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ተሸሽጓል።

«እግርሽን ምን ነካው?»

«ማሽኑ ወደቀብኝ።»

«ማሽኑ ቢወድቅብሽ ኖሮ ዛሬ አትሰፊበትም ነበር። በር ነው የወደቀብሽ። ሃያ ሁለት ቁጥር።»

መርፌው ቆመ። ልጅቷ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ አፈፍ አድርጋ ፊቷ ላይ ከደነችው። ከጨርቁ ውስጥ ነው የተናገረችው።

«አባዬ ትተኛለች አለ። የራሱን ክኒን ነው የሰጣት፤ የሚወስደውን። ተኝታ ይዘናት እንሄዳለን፣ እዚህ ትነቃለች፣ አንድ ሳምንት ትሰድበናለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች አለ። ሰዎቹ ቁም ስቅሉን አሳይተውት ነበር። እኔ በእግሯ በኩል ያዝኩ። የደረጃው መዞሪያ ላይ እጇ ከአንሶላው ወጥቶ ነካኝ። በረዶ ነው። ‘አባዬ፣ አክስቴ ቀዝቅዛለች’ አልኩት። ስናስቀምጣት ነው በሩ እግሬ ላይ ያረፈው።»

«ከዚያስ?»

«አንገቷን ነካ። አፏ ላይ ጆሮውን አደረገ። ዓይኗን ገለጠ። ‘አበቃ’ አለ።»

«አምቡላንስ አልጠራችሁም?»

«እንጥራ አልኩት! በእናቴ ስም እንጥራ አልኩት። ‘ስንት ሬሳ እንደ ተሸከምኩ ታውቂያለሽ?’ አለኝ። አባቴ እኮ ነው። ሙያው እኮ ነው። ምን ልበለው?» ጨርቁን ከፊቷ አወረደች። «ተጋግዘን መለስናት። አልጋዋን እሱ አነጠፈላት፤ ሆስፒታል እንደሚያነጥፉት። እኔን ሂጂ አለኝ።»

ሽማግሌው ጣቢያ ሲመጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ልጃቸውን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሲያዩ ሁሉም ገባቸው። ወንበር ሳይሰጣቸው ተቀመጡ።

«እሷን ልቀቋት። ሐሳቡ የኔ ነው፣ ክኒኑም የኔ።»

«ስንት ሰጧቸው?»

«እኔ የምወስደውን እጥፍ። ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ናት ብዬ።» ባርኔጣውን አዞሩት። «ወተቱን ስሰጣት መረቀችኝ። ዕድሜህ ይርዘም አለችኝ።»

«በሩንስ ለምን አልመለሱትም?»

«ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ዘንጉና ቀዳዳው አልገጥም አለኝ። ከመዝጊያዎቹ ኋላ አቁሜው ሄድኩ። ጠዋት ፎርማኑ ይመጣል፣ ያገኛታል፣ በእንቅልፏ አረፈች ይላሉ፣ በወግ በማዕረግ እንቀብራታለን ብዬ።»

«በር የሌለውን ክፍል እንደሚያፈርሱት ያውቁ ነበር።»

«ሰው ገብቶ ሳያይ?» ሽማግሌው ጣቢያ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዕድሜዬን የጨረስኩበት ቤት ነው! ሰው ገብቶ ሳያይ ቤት የሚያፈርስ አለ እንዴ? ያንን ሳይ እኮ ነው ትናንት ጠዋት ያበድኩት። ሬሳዋን አስደበደብኩት።»

«ኦፕሬተሩን ግን ገዳይ አሉት።»

«አልኩ። አፌ ነው። ሬሳ መምታት መግደል አይደለም። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ በክኒኑ፤ ይህን አልክድም፣ ጻፊው። እሷ ግን የሞተችው በዚያ በር ላይ፣ እጄ ላይ ነው። ስቃይ አላየችም። እሱን አውቃለሁ። ሞት እንደኔ ቀርቦ የተዋወቀው ሰው የለም፤ በጨለማ፣ ሻማ እንኳ በሌለበት፣ በጣቴ ብቻ ይሄ አለ ይሄ የለም እያልኩ ስለይ ነበር። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።»

ስልኳ ጠራ። ሐኪሙ ነው። ብድግ ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች።

«እየሰማሽኝ ነው?» አለ። «የኖራ ብናኝ አግኝቻለሁ። አፏ ላይ ብቻ አይደለም፤ የአየር ቧንቧዋ ውስጥ፣ እስከ ሳንባዋ ድረስ። ቁስሎቿም ደምተዋል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት እንደሆነማ ታውቂያለሽ።»

«በቃልህ ንገረኝ።»

«የሞተ ሰው አቧራ አይስብም። ክኒኑ ትንፋሿን በጣም አሳንሶት ይሆናል፤ ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ የልብ ምቷ ጣት ላይ የማይያዝ ሆኖ። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ሆና አድራለች። ጣሪያው ሲወርድ ግን ትተነፍስ ነበር።»

ስልኩን ዘጋች። ውጭ አንድ ሰው የጣቢያውን መኪና እያጠበ ያፏጫል። ኢንስፔክተሯ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ብዙ መጥፎ ዜና ተናግራለች፤ ቶሎ መናገር ይሻላል የሚል እምነት ነበራት። አሁን ግን መኪናው ታጥቦ እስኪያልቅ መጠበቅ አማራት።

«ምን አለ?» አሉ ሽማግሌው።

ዞረች። «አልሞቱም ነበር።»

«ማን?»

«እህትዎ። እርስዎ አልጋ ላይ ሲያስተኟቸው በሕይወት ነበሩ። ጠዋትም በሕይወት ነበሩ። አቧራው ሳንባቸው ውስጥ ገብቷል።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቅ ነው ከተባለ፤ አፍንጫቸው ውስጥ የቀረ ትንሽ ድምፅ ነው። «ተሳስቷል። አንገቷን ነክቻለሁ እኮ።» ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው አሳዩዋት። «በዚህ ነው የነካኋት።»

ጣቶቹ አየር ላይ ቆዩ። ከዚያ ሽማግሌው በራሳቸው አንገት ላይ አሳረፏቸው፤ ፈለጉ፣ ቦታ ቀየሩ፣ እንደገና ፈለጉ። ፊታቸው ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። የራሳቸውንም አላገኙትም።

«ድምፅ ሰምታ ይሆን?» አሉ በመጨረሻ። «ማሽኑን። ሰምታ ይሆን?»

«አላውቅም አባባ።»

ኮሪደሩ ላይ ልጃቸው በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። አምቡላንስ እንጥራ ያለችው እሷ ናት፤ ይህንንም ለእሷ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ኢንስፔክተሯ አልፋት ሄደች። መጀመሪያ ሌላ ሰው ነበረ።

ኦፕሬተሩ እዚያው ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ሲነጋ የተሰጠው ዳቦ እንዳለ አለ። ሳጅኑ ወሬ አቀብሎታል፤ ወንድምየው እንዳመኑ፣ ከትናንት ወዲያ ማታ ሞተች ብለው እንዳስተኟት። ከገጹ ላይ ተስፋ ይነበባል፤ ለማየት የሚከብድ ዓይነት።

«ነፃ ነህ» አለችው። «ክስ የለብህም። ፊሽካ ሰምተህ ነው የሠራኸው።»

«እሱን ነገሩኝ። ሞተው ነበር አይደል?»

ከኮሪደሩ እስከዚህ ድረስ ስትመጣ አዎ ልትለው ወስና ነበር። አንድ ቃል ናት። ይህ ልጅ ነገ ማሽኑ ላይ ይወጣል፤ እናቱም ሚስቱም ይበላሉ፤ የማንም ጎን አይጎድልም። ግን የሐኪሙ ቃል ፍርድ ቤት ይነበባል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ባለኪዮስኳ ትሰማዋለች፤ ባለኪዮስኳ ከሰማች መንገዱ ሁሉ ሰማ። በሱቅ ደጃፍ፣ ሰው እያየው፣ ድንገት ከሚሰማው ከእሷ ቢሰማ ይሻላል።

«አልሞቱም ነበር» አለች። «ራሳቸውን ስተው ነበር። አልነቁም፤ እንደዚያ ነው የማምነው፣ ማረጋገጫ ግን የለኝም። በሕይወት ነበሩ።»

ልጁ አልጮኸም። አንዴ ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጋ ተነግሮት እንደ ተስማማ ሰው። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከኪሱ የማሽኑን ቁልፍ አወጣና ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠው።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለችው፤ እውነት ነበር፣ ምንም አልረዳም።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቢዋሹኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ከበሩ ላይም ዞር ብላ አሳለፈችው።